በጎረቤት ሳፋ የተጠገነው አውሮፕላን

ልጅ እያለሁ አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። አትሳቁ! የኔ ዕድሜ የሆነ የደባርቅ ሰው ካለ ይመስክር። እርግጥ ነው፣ አውሮፕላኑ ሞተር አልነበረውም፤ የምትጎትተው ዳልቺቱ የምትባል በቅሎ ነበረች። ሆዱ የናፍጣ በርሜል፣ ክንፉ የቤት ቆርቆሮ፣ እግሩ ደግሞ ከአሮጌ የእጅ ጋሪ የተፈታ ጎማ ነው። ቢሆንም አውሮፕላን ነው። ቀበሌው አውሮፕላን ነው ብሎ ወስኗል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ቀበሌ የወሰነውን ማን ያፈርሳል?

የሠራው አባቴ ነው። አባቴ ተገኘ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ አሸንዳ ይሠራል፤ ሲቀናውም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታዘዛል። እጁ መልካም ነው፤ ችግሩ አፉ ከእጁ መቅደሙ ነው። በጎረምሳነቱ አንድ ክረምት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ሲያጭድ ከርሞ ነበርና፣ ጠላ ቤት በተቀመጠ ቁጥር ያቺ ክረምት እየሰፋች ሄዳ ሄዳ፣ አውሮፕላን ፈትቶ የገጠመባት ዘመን ትሆናለች። እናቴ "አንተ ሰውዬ፣ ሣር ያጨድክበትን ሜዳ ሁሉ የተማርክበት አታስመስለው" ትለው ነበር። እሱ እቴ! "አጫጅም እኮ ቀና ብሎ ያያል" ብሎ ይቀጥላል።

ነገሩ የተጀመረው ለአብዮት በዓል ዝግጅት በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። መስከረም ሁለት የአካባቢው ከተሞች ሰልፈኞች ሁሉ ደባርቅ ላይ ሊሰበሰቡ ነው ተባለ፤ ከጎንደርም የክብር እንግዳ ይመጣል። ዳባቶች ከእንጨት ትራክተር ሠርተዋል የሚል ወሬም ከአውቶቡስ ወርዶ ቀበሌያችን ገባ። ሊቀመንበራችን ጓድ ውብነህ እንደ እሳት ነደደ። "ዳባት ትራክተር እየነዳ ሲመጣ እኛ እጃችንን አጣጥፈን ልናይ ነው ወይ?" አለ። ከኋላ በኩል አባቴ ብድግ ሲል እናቴ የጋቢውን ጫፍ ለቀም አደረገች፤ ግን ጋቢው እጇ ላይ ቀረ እንጂ ሰውየው ቆሟል። "እኔ አውሮፕላን እሠራለሁ!" አለ። ጭብጨባው እስኪያባራ ጠብቃ እናቴ "አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" ብላ ጋቢውን መልሳ አለበሰችው።

ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ነሐሴን በሙሉ የሰፈሩ ልጅ ከደጃችን አልተነሣም። የደባርቅን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ተነሥቶ ሲመጣ ጓሮ የታሰረችውን ፍየል እንኳ ከበር ሆኖ ማየት ያቅታል። በዚያ ጉም ውስጥ የመዶሻው ኳኳታ፣ የቀለጠ እርሳስ ሽታ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ፣ በኪሳችን የያዝነው ትኩስ የገብስ ቆሎ። ዛሬም የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ስሰማ የገብስ ቆሎ ይሸተኛል። ሰኞ ማክሰኞ ቀረ፣ ጠጠር ቀረ፣ ጨዋታችን ሁሉ አውሮፕላን ሆነ። አብራሪ ማን ይሁን የሚለው ብዙ አከራከረ። ወንዶቹ ተሰልፈው በርሜሉ አፍ ላይ ተለኩ፤ አንዱ ትከሻው አልገባ አለ፣ አንዱ ከገባ በኋላ ጨለማውን ፈርቶ አለቀሰ። እኔ ቀጫጫ ነበርኩ፤ እንደ ድመት ሾልኬ ገባሁ። ጓድ ውብነህም "የሴቶች እኩልነት ነው" ብሎ አጸደቀው።

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ለልምምድ ወጣን። ዳልቺቱ የጓድ ውብነህ የገዛ በቅሎው ናት፤ "ለአብዮቱ ያለኝን ሰጠሁ" ብሎ በራሱ ፈቃድ ነው ያመጣት። ረጋ ያለች በቅሎ ነበረች፤ ነገር ግን ከበሮ ሰምታ አታውቅም። የኪነት ጓዶች ከበሮውን ደለቅ አድርገው "ወደፊት!" ሲሉ ዳልቺቱ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ከእሷ በላይ መፈክሩን ከልቡ የተቀበለ ሰው አላየሁም። እኔ በርሜል ውስጥ ነኝ። ድንጋይ በመታን ቁጥር አናቴ ብረት ይመታል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ወደ ጥግ እየዘለሉ ያሳልፉናል፤ አንዲት እማሆይ "በስመ አብ! ስምንተኛው ሺህ ደረሰ" ብለው ሲያማትቡ ዓይን ለዓይን ተያየን። ጎርፍ ከቆፈረው ቦረቦር አፋፍ ላይ ስንደርስ ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። እምላለሁ፣ በርሬያለሁ! አጭር በረራ ነበር፤ ግን በረራ ነው። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰና ዳልቺቱ ወደ ቤቷ፣ እኔ ከነአውሮፕላኔ ወደ ቦረቦሩ ሄድን።

ከጭቃው ስወጣ ግንባሬ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። አውሮፕላኑ ግን አያድርስ ነው። ክንፎቹ ተጨራምተው ከበርሜሉ ሥር ገብተዋል፣ አፍንጫው ተጨፍልቋል፣ የበርሜሉ ጎን ተሰንጥቋል፣ ጅራቱ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቴ እያለከለከ ደረሰና መጀመሪያ ያነሣው ክንፉን ነው። እናቴ ይህችን ነገር እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችለትም፤ በተጣሉ ቁጥር "ልጁን ትቶ ቆርቆሮውን ያነሣ ሰው" ትለው ነበር።

አሁን ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት። ያ ዘመን ለነገር ሁሉ ጥፋተኛ የሚፈለግበት ነበር፤ ዝናብ ሲዘገይ እንኳ አድኃሪ ይጠረጠራል። በቅሎዋ ናት እንዳይባል የሊቀመንበር በቅሎ ናት። ከበሮው ነው እንዳይባል የአብዮቱ ከበሮ ነው። ጓድ ውብነህ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ የዳልቺቱን ስም እንኳ ሳይጠራ፣ "ጎማው ነው የተፈታው" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተገኘ፣ ይሄ አውሮፕላን መስከረም ሁለት ካልቆመ ነገሩ አሻጥር ይባላል። እኔ አይደለሁም የምለው፤ ይባላል" አለው።

አሻጥር! የኔ ዘመን ሰዎች፣ ያቺ ቃል ሰውን የት እንደምታደርስ ታውቃላችሁ። በፊተኛው ዓመት በዓል ላይ የቀበሌው ማይክራፎን በንግግር መሀል ድርቅ ብሎ ቀርቶ፣ ገመዱን የያዘው ምስኪን ሰውዬ ወራት በቀበሌው እስር ቤት ከቆየ በኋላ ወደ ጎንደር ተወሰደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ማይክራፎኑ ባትሪ ጨርሶ ነበር እኮ!

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበርና ከአሻጥሩ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። የሚጠግንበት ቆርቆሮ የለም። የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ያለው ጨውና ክብሪት ነው፤ እሱም ሲኖር። ዳባት ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቴ ልታጫውተው ብላ "ትራክተሯስ እንዴት ናት?" ስትለው፣ "እውነተኛ ትመስላለች" ብሎ ራሱን ያዘ። በማግስቱ መሰላል አቁሞ የማድ ቤታችንን ጣሪያ መንቀል ጀመረ። እናቴ ከታች ቆማ ታየዋለች። በሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩን በጩኸት ታነሣው ነበር፤ ያን ቀን ግን የነቀለውን ቆርቆሮ እየተቀበለች ግድግዳ ላይ ደረደረችው። ይህን ሳይ ነው አባቴ በእውነት ሊወሰድብን እንደሚችል የገባኝ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

የማድ ቤቱ ጣሪያ ለክንፎቹ ብቻ በቃ። ሆድ፣ አፍንጫና ጅራት ቀረ። ያኔ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እትዬ ዘነቡ ጋ ሄደች። እትዬ ዘነቡ ከአጠገባችን ጠላ ይሸጡ የነበሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጓድ ውብነህን በሕዝብ ፊት "ውቤ" ብለው የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እናቴ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ግን ከዘራቸውን ይዘው ሰፈሩን ዞሩና "ነገ የተገኘ ደቦ ነው" አሉ። ደቦ ለአጨዳ ይጠራል፣ ለጎጆ ክዳን ይጠራል። ለአውሮፕላን ደቦ የጠራ ሰው ግን ከደባርቅ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ጧት ሴቱ ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ መጣ። የቆርቆሮ ሳፋ፣ ትሪ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የእህል መስፈሪያ ጣሳ፤ አንዷማ የጓዳዋን በር ላሜራ ነቅላ በራሷ ላይ ይዛው መጣች። ወንዶቹ ሽቦና የተጣመመ ሚስማር አመጡ፤ እኛ ልጆች ሚስማሩን በድንጋይ ስናቃና፣ አውራ ጣታችንን ስንቀጠቅጥ ዋልን። አባ ታከለ የሚባሉት ቄስም ከጋቢያቸው ሥር የቆርቆሮ የጠበል መቅጃ አውጥተው "ለአፍንጫው ትሆናለች፤ ለማንም እንዳትናገሩ" አሉ። እስከ ቀትር ያልሰማ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ክሩ ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ለሰርግ ወይም ለተዝካር ዕቃ የሚያውስ ሰው ዕቃው ላይ የቤቱን ክር ያስራል፤ የአንዷ ቀይ ነው፣ የሌላዋ ሰማያዊ፣ የእናቴ አረንጓዴ። ድግሱ ሲያልቅ ሁሉም በክሩ እየለየ ዕቃውን ይወስዳል፤ ጠብ የለም። ሴቶቹ ለአውሮፕላኑም እንደዚያው አደረጉ። ማንም አልመከረበትም፣ ማንም እንዲህ አድርጉ አላለም። ለእነሱ ያው ድግስ ነው፤ መስከረም ሁለት ያልፋል፣ ዕቃም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

አባቴ የእትዬ ዘነቡን ሳፋ ከበርሜሉ ስንጥቅ ላይ ገጥሞ፣ ሚስማሩን አስተካክሎ ቀረ። መዶሻው አልወርድ አለው። "እትዬ፣ ይበሳል እኮ" አላቸው። እትዬ ዘነቡ ጠላ እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ "የተበሳ ሳፋ ይደፈናል። አንተን ከወሰዱህ ማን ይደፍነዋል? ምታ!" አሉት። መታ። ከዚያ በኋላማ ደቦው ጦፈ፤ ዘፈኑ፣ ሳቁ፣ ቀጥቀጣው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የአባቴ አፍ ተመልሶ መጣና "አዘዞ እያለን እንዲህ ያለውን ስብራት..." ብሎ ጀመረ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ወሬ ደስ ብሏት ሰማችው።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። ዳልቺቱ ጆሮዋ በጥጥ ተደፍኖ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ልጓሟን ይዘው፣ እንደ እስረኛ ወጣች። ጓድ ውብነህ አውሮፕላኑን ዞሮ ዞሮ አየና "ይሄ ሁሉ ክር ምንድን ነው?" አለ። አባቴ ዓይኑን ሳያሽ "ጌጥ ነው ጓድ፤ የበረራ ጌጥ። አዘዞም እንዲሁ ነው" አለው። እኔ የወንድሜን የብርድ ቆብ እስከ ቅንድቤ አጥልቄ በርሜሌ ውስጥ ገባሁ።

መድረኩ ፊት ስንደርስ የተነሣውን እልልታ ልነግራችሁ አልችልም። ለአብዮት እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከርቀት ለሚሰማው የትግል ስሜት ነው፤ ለእኔ ግን ቃል በቃል ይሰማኛል። "ያቺ! ከሆዱ ሥር ያለችው የኔ ናት!" "ትሪዬን አየሽልኝ? ጅራት ሆና!" "ኧረ በሬን ወደ ላይ ገልብጦታል፣ ይሄ ተገኘ!" አባ ታከለ የጠበል መቅጃዋ ፊታቸው ስትደርስ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ፤ አጠገባቸው የቆሙት አሮጊቶችም ተከትለው ዝቅ አሉ። ጓድ ውብነህ ቄሱ ለአብዮቱ እጅ የነሡ መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የዳባቶች ትራክተር ከኋላችን ነበረች። ምስኪን፣ ዘወር ብሎ ያያት የለም።

የክብር እንግዳው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ጎርናና ጓድ ነበሩ። ከመድረኩ ወርደው ማይክራፎኑን እንደያዙ አውሮፕላኑ አጠገብ መጡና ክሮቹን እያሳዩ ንግግር አደረጉ። ቀዩ የወዝ አደሩ ነው፣ አረንጓዴው የገበሬው ነው፣ ሁሉም በአንድ ብረት ላይ መታሰሩ የጭቁኑ ሕዝብ አንድነት ነው አሉ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!" ሲሉ አደባባዩ ተናወጠ። አባቴ እንደ ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ከዚያ እንግዳው "ይህ የሕዝብ ሥራ እዚህ ተደብቆ መቅረት የለበትም! ዛሬውኑ ተጭኖ ጎንደር ለኤግዚቢሽን ይሂድ!" አሉ።

ጭብጨባው ከሴቶቹ በኩል ቀጥ አለ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባቴ ደረቱ ተንፍሶ ጋቢው ሰፋበት። ነገሩ ግልጽ ነበር። "ሳፋዬ" የሚል ሰው ከተገኘ ክሩ የዕቃ ምልክት እንደሆነ ይታወቃል፤ እንግዳውም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። በዚያ ዘመን የተዋረደ ባለሥልጣን ባዶ እጁን አይመለስም። ይዞት የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ ዘነቡ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ከፍ አደረጉና፣ መፈክር ሊያሰሙ ነው ሲባል፣ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። እንግዳው አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን አውርደው ጎንበስ አሉ። "ጌታዬ" አሉ፤ ጓድ ማለት አይሆንላቸውም ነበር። ድምፃቸው ከእኔና ከእንግዳው በቀር ለማንም አይሰማም። "አውሮፕላኑን ይውሰዱት፣ አይከፋንም። ይቺን ቀይ ክር ያላትን ብቻ ላላቅቃት። የልጅ ክርስትና አለብኝ።"

እንግዳው ክሩን አዩ። ከዚያ ሰማያዊውን አዩ፣ አረንጓዴውን፣ እስከ ጅራቱ ድረስ አንድ በአንድ። ማይክራፎኑን በእጃቸው ሸፈኑት። እኔ በርሜሉ ውስጥ "ማርያም፣ ማርያም" እላለሁ። ሰውየው ቀዩን ክር በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ ከዚያ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "የእናቴ ክር ነጭና ጥቁር ነበር። ጃናሞራ ነው ያደግኩት" አሉ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ብቅ ብላ ጠፋች። ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው መልሰው ቀጥ ብለው ቆሙና "ጓዶች!" ብለው አንባረቁ። "ይህ አውሮፕላን ከሠራው ሕዝብ እጅ መለየት የለበትም! እዚሁ ይቅር!" እልልታው ሊማሊሞን ተሻገረ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ምንም ያልገባው ጓድ ውብነህ ነው።

የእንግዳው መኪና ከመታጠፉ ሴቶቹ አውሮፕላኑ ላይ ሰፈሩበት። እኔ ውስጡ ነኝ! "ቆይ፣ ልጅቷ ትውረድ" ያለ አንድ ሰው የለም። በጉጠት፣ በመዶሻ፣ በእጅም ጭምር። ብርሃን በአንዱ ጎን ገባ፣ በሌላው ገባ፤ ቀና ስል አውሮፕላን የለም፣ ባዶ በርሜል ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ሴቶቹ ሳፋቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ በየሚስማሩ ቀዳዳ ያለፈው ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር። አባቴ መንገዱ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር።

አውሮፕላኑን በሳምንት የጠገነው አባቴ የሰፈሩን ሳፋ ሲደፍን ፋሲካ መጣበት። እርሳስ ባገኘ ቁጥር ቤት ለቤት ይዞራል፤ ያልደረሳቸው ቀዳዳውን በሰም ደፍነው ልብስ ያጥባሉ። እትዬ ዘነቡ ክርስትናውን በትውስት ሳፋ አሳለፉት። ያም ሆኖ "ሳፋዬን በሳህብኝ" ያለው አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ ራሱ ነበር ይህን እያነሣ የሚገረመው፤ ጉራውን ሁሉ ትቶ ስለዚህ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። አባቴም እናቴም ዐረፉ፣ እትዬ ዘነቡም ከሄዱ ቆዩ። ሳፋ በየሱቁ በር በቀለም በቀለም ተቆልሏል፤ እኔ ቤት እንኳ የማልጠቀምበት ተደራርቦ ተቀምጧል። ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ ፍርሃቱን የቀመሰ አይናፍቀውም። የሚናፍቀኝ ሴቶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው የመጡበት ያ ጧት ነው። እንዲያው ሳስበው እኔም እንደነሱ የማደርግ ይመስለኝ ነበር፤ ያሳደጉኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? ባለፈው ሰሞን የፊት ለፊት ጎረቤቴን አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። የግቢው ዘበኛ ደረጃው ላይ አገኘኝና "ማንን ነው የወሰዱት፣ እትዬ?" አለኝ። በሩን አሳየሁት። ስሙን አላውቀውም ነበር።